ለሟቿ የተላከ መርዶ

የሰፈራችን እድር ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ አጠገብ እንዳልደርስ ወስኖብኛል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ተቀምጧል። አልተቃወምሁም። እንዲያውም ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ ጸሐፊው እኔ ነበርሁና። ሰው የራሱን መባረር በራሱ እጅ ሲጽፍ ፊደል እንዳይሳሳት ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ አስተምራለሁ። ሲ የሚባለውን ቋንቋ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ትምህርት፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠመኔ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ "መምህር፣ ይህ ቋንቋ አሁን የት ይሠራበታል?" ይሉኛል። "የትም" እላቸዋለሁ፤ ሁሉም ቦታ ለማለት ነው። እነሱ ግን የትም ቦታ አይሠራበትም ብለው ይረዱታል፤ አላርማቸውም። ለጎረቤቶቼ ደግሞ "የኮምፒውተር ሰው" ነኝ፤ ማለትም ቴሌቪዥን ሲበላሽ፣ ሪሲቨር እንቢ ሲል፣ የውሃ ቆጣሪ ሲቆም የሚጠራ ሰው። አንድ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪና እንዳይ ተጠርቼ ሄድሁ። አየኋት። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ።

እንዲህ እየኖርሁ ሳለ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ እግራቸው ከዳቸው። በየመንደሩ እየዞሩ "እገሌ ሞቷል" ብለው የሚጣሩልን እሳቸው ነበሩ። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ምን ይሻላል ሲባል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁ። "በስልክ መልእክት ለሁሉም አባል በአንድ ጊዜ የሚልክ ፕሮግራም እጽፍላችኋለሁ" አልሁ። አጨበጨቡልኝ። አሥራ አራት ዓመት ያለ ጭብጨባ ላስተማረ ሰው ጭብጨባ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። ቤቴ ስገባ ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ለሚስቴ ነገርኋት።

"መርዶን በስልክ?" አለችኝ።

"መርዶ አይደለም፣ የቀብር ጥሪ ነው።"

"ለሚሰማው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የምትጠይቅ ሚስት ያለው ሰው መስማት አለበት። እኔ ግን ስለ ቴክኖሎጂ ማብራራት ጀመርሁ።

ፕሮግራሙን በሁለት ሳምንት ጻፍሁት። የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከድንኳኑ ተራዳና ከብረት ድስቶቹ መካከል፣ ኮሌጁ የጣለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀመጠ። ሲም ካርድ የሚጎርስ ትንሽ ሞደም ተሰካበት። ስም ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ለእያንዳንዱ አባል መልእክት ይልካል። በመጀመሪያው ወር ግን አንድ አባል ስልኩ ተዘግቶ ስለነበር ጥሪው ሳይደርሰው ቀረ፤ ቀብር ባለመገኘቱ ተቀጣና እድሩን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በጩኸት አመሰው። እኔም ወደ ፕሮግራሙ ተመልሼ አንድ ዙር ጨመርሁበት፦ መልእክቱ መድረሱ እስኪረጋገጥ ድረስ ደግመህ ላክ፤ ካልደረሰ እንደገና፤ ካልደረሰ እንደገና። ስንት ጊዜ? አልጻፍሁም። ይህን ስሕተት ለሚሠሩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ግማሽ ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ። ከዳር በቀይ እስክሪብቶ "መውጫው የት አለ?" ብዬ እጽፍባቸዋለሁ።

በዚህ አላበቃሁም። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ዙር ውስጥ ገብቶ አልወጣ ቢል ከውጭ ማቆሚያ አለው፤ ኮንትሮልና ሲ የሚባሉትን ሁለት ቁልፎች አብሮ መጫን ነው። ዕቃ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ግን ኪቦርዱ ላይ ድስት ማስቀመጥ ልማዱ ስለሆነ፣ በስሕተት እንዳያቆሙት ብዬ ፕሮግራሙ ያን ትእዛዝ ከቁም ነገር እንዳይቆጥረው የምታደርግ አንዲት መስመር ጻፍሁ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥም ባትሪ አስገዛኋቸው። እንግዲህ ምንም ነገር ሊያቆመው አይችልም ብዬ በጉባኤው ፊት ተናገርሁ። አሁንም አጨበጨቡ።

አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ እማማ ላቀች ዐረፉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአንዲት ልጃቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ነበር የሚኖሩት። እትዬ ብርቄ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። የወገብ ሕመሟ ብሶባት እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ከሦስት ቀን በፊት ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳለች። ስልኳንም "ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ይስጠኝ" ብላ ዘግታዋለች።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ባዬ ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። ጠዋት ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

"ቀብሩን ለነገ አድርገነዋል። ብርቄን ከሰዓት በኋላ ሄደን፣ እናትሽ ትንሽ አመማት ብለን እናመጣታለን። መርዶዋን ነገ ሲነጋጋ ቤቷ ውስጥ፣ ዘመድ ከብቧት፣ ትሰማለች። እስከዚያ ለሷ ምንም እንዳይደርሳት። ገባህ?"

"ስሟን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ የጻፍሁት።"

ብርቄ የሚለውን ስም ፈልጌ አወጣሁት። መልእክቱንም ጻፍሁ፦ "የእድራችን አባል ወ/ሮ ላቀች ዛሬ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል። አለመገኘት ያስቀጣል።" ፕሮግራሙን አስነሣሁት። ለሃያ ሰው ያህል ሲደርስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ኩራቴን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ፤ ዓሣ ጥብስ አዘዝሁ። የራሴ ስልክ ጮኸችና መልእክቱ ለእኔም ደረሰኝ። ሰው ሞቶ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዓሣው ሳይመጣ ጋሽ ባዬ ደወሉ።

"መምህር፣ ይህ ዕቃህ ቆሟል መሰለኝ።"

"ምን ይላል ጋሼ?"

"አንድ ሰው ላይ ተተክሏል። ወይዘሮ ላቀች፣ አልደረሳቸውም፣ እንደገና እየተላከ ነው ይላል። ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ይላል።"

"የትኛዋ ላቀች?"

"ሟቿ ናት" አሉኝ። "መሞቷን እየነገራት ነው።"

በመጀመሪያ ልስቅ ነበር። ሟቿንም እኮ አባል ስለሆኑ ከዝርዝሩ ማውጣት ነበረብኝ። ሆኖም ምን ጉዳት አለው፣ እማማ ላቀች ስልክ የላቸውም ብዬ አሰብሁ። እማማ ላቀች ስልክ የላቸውም። ታዲያ ከስማቸው ፊት ለፊት የተመዘገበው ቁጥር የማን ነው? ሲመዘገቡ ከፊቴ ተቀምጠው "እኔ ስልክ የለኝም፣ የልጄን ጻፈው" ያሉኝ ትዝ አለኝ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ዓሣውን ትቼ ሮጥሁ። በእኔ ዕድሜ በሐይቁ ዳር አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ ስፖርተኛ ነው ወይ ሌባ፤ ሸሚዝ ለብሼ ስለነበር ሰው ሁሉ ከኋላዬ ማን እንደሚያባርረኝ ያይ ነበር። ባጃጅ አግኝቼ ዕቃ ቤቱ ስደርስ ጋሽ ባዬ ከስክሪኑ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ምክትላቸው ሃጂ ሰይድ ቆመዋል። ሃጂ የወረታ ሰው ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር የስልክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ጋሽ ባዬ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቅለው በእጃቸው ይዘውታል።

"ነቅዬዋለሁ" አሉኝ። "አልቆመም።"

"ባትሪ አለው ጋሼ።"

"ማን አስገዛው?"

ኮንትሮልና ሲን ተጫንሁ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንሁ። እንዳይሰማ ብዬ የጻፍኋት መስመር ሥራዋን በሚገባ እየሠራች ነው። ስክሪኑ ላይ በየአሥር ሴኮንዱ አንድ መስመር ይጨመራል፤ "ወ/ሮ ላቀች፣ አልደረሳቸውም፣ እንደገና እየተላከ ነው።" ቁጥሩ መቶ ስልሳን አልፏል።

"አሁን ሌላ መንገድ አለኝ" አልኋቸው። ለሁለት የሰማንያና የሰባ ዓመት ሽማግሌዎች ለምን እንደማስረዳ አላውቅም፤ አስተማሪነት ሕመም ነው። "ሌላ መስኮት ከፍቼ፣ የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር አይቼ፣ ግደለው ብዬ አዝዛለሁ። ዘጠኝ የምትባል ምልክት አለች። እሷን የትኛውም ፕሮግራም እንቢ አልሰማም ማለት አይችልም።"

"በል ግደለው" አሉ ጋሽ ባዬ።

መስኮት ከፈትሁ፤ ቁጥሩን አገኘሁ፤ በዘጠኝ ግደል ብዬ አዘዝሁ። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ወገቤን ይዤ ተነፈስሁ።

"ሞተ?"

"ሞቷል ጋሼ።"

"ይኸው እየጻፈ ነው።"

እየጻፈ ነበር። እንደገና ገደልሁት፤ ከአምስት ሴኮንድ በኋላ ተነሣ። ሦስተኛ ጊዜ ስገድለው ነው ያስታወስሁት። ክረምት ላይ ፕሮግራሙ አንድ ቀን በራሱ ወድቆ ነበርና፣ ሲሞት አይቶ ወዲያው የሚያስነሣው ሌላ ትንሽ ጠባቂ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሲያስነሣውም ካቆመበት ስም እንዲቀጥል አድርጌዋለሁ። ጽፌ፣ ተደስቼ፣ ረስቼዋለሁ። እድሩ ይህን ያህል ዘመን ሰው ሲቀብር አንድም የተነሣለት የለም፤ የተነሣው የእኔ ፕሮግራም ብቻ ነው።

"ሁለት ደቂቃ ስጡኝ" አልሁ። "ጠባቂውን አስቀድሜ መግደል አለብኝ። ምን ብዬ እንደሰየምሁት ነው የጠፋኝ።"

ሃጂ ሰይድ ጎንበስ አሉ፤ ሞደሙን ከኮምፒውተሩ ጎን ነቀሉት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ክዳኑን ገለጥ አድርገው ሲም ካርዱን አወጡት። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ።

"ሃጂ፣ እንዲህ አይደለም የሚቆመው" አልኋቸው። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህን አልሁ።

"ይላክ እስቲ" አሉኝ።

ፕሮግራሙ አልቆመም፤ መሽከርከሩን ቀጠለ። ግን ለማንም አይደርስም። አንድ ጥፍር የሠራውን እኔ በአሥራ አራት ዓመት ትምህርት አልሠራሁትም። ስክሪኑ ላይ የተላከው ቁጥር መቶ ሰማንያ ሰባት ይላል።

"አለቀ ማለት ነው?" አሉ ጋሽ ባዬ።

"አላለቀም" አልሁ። "የተላኩት ከእጃችን ወጥተዋል። ስልኳን እስክትከፍት እየጠበቋት ነው። የከፈተች ቀን ሁሉም ተራ በተራ ይገባሉ።"

ጋሽ ባዬ ሶኬቱን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሃጂ መኪና ወጣን። ዓባይን ተሻግረን ወደ ሐሙሲት አቀናን። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ በየሁለት ደቂቃው ወደ እትዬ ብርቄ እደውላለሁ። "የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው" የምትለዋን ሴት ድምፅ ስሰማ "ተመስገን" እላለሁ። ሌላ ጊዜ የምሰድባት ሴት ናት። ጋሽ ባዬ ከፊት ሆነው የሚሏትን ይለማመዳሉ። "ብርቄ፣ እናትሽ ትንሽ አመማት። አይ። ብርቄ፣ እናትሽ ልታይሽ ፈለገች።" ቆም ብለው "እንዲህ ይሻላል?" ይሉናል። "ሁለተኛው ይሻላል" ይላሉ ሃጂ።

ከሐሙሲት ወደ ቀኝ ተገንጥለን የጠጠሩን መንገድ እንደያዝን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገዱ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። ጎማው ወልቋል። ሾፌሩ ከሥሩ ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። በአንዱ ጎን ገደል፣ በሌላው የሰው ማሳ። ሃጂ ወርደው ሾፌሩን አነጋገሩ፤ ጋሽ ባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው የማሳውን ባለቤት ለመኑ። ሰውየው ማን እንደሞተ ጠየቀ፤ የጓያውን ዳር ረግጠን እንድናልፍ ፈቀደልን። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እደውላለሁ። ዝግ ነው። ዝግ ነው። ዝግ ነው።

ማሳውን አልፈን መንገዱ ላይ እንደወጣን ደግሜ ደወልሁ። ጠራ።

ወዲያው ዘጋሁት። ሃጂ በመስተዋቱ አዩኝ። መኪናዋን ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልነዷትም፤ ቀስ አሉ። ለመቸኮል ምክንያት አልነበረንም።

ዋንዛዬ ስንደርስ ከፍል ውሃው ከፍ ብሎ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ፀጉሯ ገና አልደረቀም። የማያውቋት ሴቶች፣ አብረዋት ለመታጠብ የመጡ ሕመምተኞች፣ ግማሾቹ በነጠላቸው ግማሾቹ በፎጣ እንደተጠቀለሉ፣ ከብበዋት ያለቅሳሉ። እሷ አታለቅስም። ትንሿን የቁልፍ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያታለች። ስልኳ ትንቀሳቀሳለች፣ ታርፋለች፣ ትንቀሳቀሳለች።

ጋሽ ባዬ መንገድ ሙሉ የተለማመዱትን አንዱንም አላሉትም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

"እናቴ ዛሬ እንዴት እንዳደረች ጎረቤቴን ልጠይቅ ብዬ ነው የከፈትሁት" አለች እትዬ ብርቄ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። "አንተ ነህ የጻፍኸው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ብርቄ።"

"ሁሉንም እያንዳንዱን አነበብሁ" አለችኝ። "መጀመሪያ የመጣው ሞተች ይላል። ሌላ ደግሞ መጣ። ተሳስተን ነው የሚል ይሆናል ብዬ ከፈትሁት። እሱም ሞተች ይላል። ሌላ መጣ። ይኸኛው ይሆናል ብዬ ከፈትሁ። እስከ አርባኛው ድረስ እንዲህ ተስፋ አደረግሁ። ባልቀብራት እንደምቀጣም ነግረኸኛል። አርባ ጊዜ።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልሁ። "ተው፣ ተነሥ፣ ወገቤ አይችልህም" አለችኝ። የምትናገረው ክፉ ቃል ስላልነበራት ይሆናል፤ ወይም ተማሪ ሲያጠፋ አይታ የማታውቅ ስላልሆነች። ሴቶቹ ግን አዩኝ። ፎጣ የለበሰች የማላውቃት ሴት እንደዚያ እንድታየኝ አልፈልግም ነበር።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ከኋላ ወንበር አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳ መንቀጥቀጧን አላቆመችም። እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ።

"አጥፋልኝ፤ መልእክቶቹን ማለቴ ነው" አለች። "ለዘመድ መደወል አለብኝ፤ ስልኩን መዝጋት አልችልም።"

ስልኳ አሮጌ ናት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የምታጠፋበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። አንድ በአንድ መሰረዝ ነበረብኝ። ሰርዝ እላለሁ፤ ልሰርዝ ወይ ትለኛለች፤ አዎ እላለሁ። ማኅደሯ ሞልቶ ስለነበር ደግሞ አንድ ስሰርዝ ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ይገባል። ሰርዝ፣ አዎ። ዝዝዝ። ሰርዝ፣ አዎ። ዝዝዝ። ጣቴ ደነዘዘ። በየአንዳንዱ ላይ ስማቸው አለ፤ እኔ ያነበብሁት ስንቱን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳያነቡ መሰረዝ ግን አልተቻለኝም። ከፊት ጋሽ ባዬና ሃጂ ሰይድ ስለ ነገው ድንኳን በዝቅታ ይነጋገራሉ። እትዬ ብርቄ በመስኮቱ ታያለች። አንድ ጊዜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ድምፅ አልነበረውም።

የሐይቁ ውሃ ከሩቅ መታየት ሲጀምር አዲስ የሚገባው አለቀ። ስልኳ ጸጥ አለች። እኔ ግን ሥራዬን ይዤ ነበር፤ አሥር ያህል ሲቀሩኝ እጇን እጄ ላይ አሳረፈች።

"አንዷን ተዋት" አለችኝ።

"ለምን፣ እትዬ?"

"ስትሞት አጠገቧ አልነበርሁም። የደረሰኝ ይኸው ብቻ ነው።"

ዘጠኙን ሰረዝሁ። ሁሉም ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፤ የቷን እንደምተውላት ግን እስከ ቤቷ በር ድረስ ስመርጥ ሄድሁ።